እንግሊዝኛ አምስት

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ዐሥር ሰዓት ሲሞላ፣
ጀንበር ቀድማን ገብታ ከፋብሪካው ኋላ፣
ሉድቪካ ከተማ፣ ከትምህርት ቤቱ ምድር ቤት፣
ከቦይለሩ ጎን ነው የኔ ክፍል ያለበት።
«የእናት ቋንቋ መምህርት» ይላል ደረቴ ላይ፤
ተማሪዬ አንድ ነው፤ ይትባረክ በላይ።

ብየዳ ነው የሚማር፤ እሳት የለመደ፣
የተጣሉ ብረቶች አስታርቆ ያዋደደ።
ስቴን-ኦቬ፣ መምህሩ፣ ሰው የማያሞግስ፣
መጋጠሚያውን ሽቶ በአውራ ጣት ሲዳስስ፣
«ስፌቱ የት አለ?»
አለና ዝም አለ።

ፋብሪካው ከወዲሁ ቱታውን ለክቶለት፣
ስሙን በቢጫ ክር ኪሱ ላይ ጠልፎለት፣
ሰኔን ነው የሚጠብቅ።
ደንቡ ግን ደንብ ነው፦

ስዊድንኛ ቢችል፣ በስዊድንኛ ቢያልም፣
በስዊድንኛ ቢሳደብ (ያንን እኔም አልችልም)፣
እንግሊዝኛ አምስትን ካላለፈ ተማሪ
ዲፕሎማ አያገኝም፣ ቢሆን እንኳ ወርቅ ሠሪ።

ማንን ሊያናግር ነው? ያንን ትራንስፎርመር?
እሱ እንደሁ ቀኑን ሙሉ «እም» ነው የሚያውቀው ነገር፤
ብዬ ኡልሪካን ሞገትኳት።
«የማሽኑ መመሪያ በምን የተጻፈ ይመስልሻል?» አለች።
እውነቷን ነው።
ደግሞም ረቡዕ ረቡዕ፣ ዳቦዋን ለሁለት ቆርሳ፣
ያለፈ ጊዜ ግሥ የምታስጠናው እሷ ናት፣
የምሳ ሰዓቷን ረስታ።

ሚያዝያ ላይ ፈተና። «ስለ አንድ ሰው ጻፉ፤ ሁለት መቶ ቃል።»
እሱ ዐሥራ አራት ጻፈ።
ሐሙስ ይዞልኝ መጣ፤ ፊቱን ሳይሆን ወረቀቱን አሳየኝ፦

ማይ ብራዘር ዘርይሁን። ሂ ቲች ሚ ፋየር።
ኦምዱርማን ዊ ወርክ። ዋን ናይት ሂ ፓስ።

ጠርዙ ላይ፣ በአረንጓዴ ቀለም
(ቀይ ልጅ ያስደነግጣል ትላለች)፣
«ደስ ይላል! ምን ፈተና ነበር ያለፈው?»
ከታች፣ ኤፍ።

በሌላ ቀን ነግሮኛል። ኦምዱርማን፣ ቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ፣
ጥቁር መነጽር ያላቸው አንድ ነበር።
ታላቁ ዓይኑን ጨፍኖ ይበይዳል፣
ታናሹ እንዲያይ።

እኔ ግን ከሥሩ አማርኛውን ሳየው፣
«አንድ ሌሊት አለፈ» ነበር ያለው፣ ልጅየው።
በኛ አፍ አንድ ግሥ ነው፤ ተማሪም ያልፋል፣
ወንዝም፣ ክረምትም ያልፋል፤ ሰው ደግሞ ያርፋል፣
ወይም እሱም ያልፋል።
እንግሊዝም እኮ አለው፣ ይህንኑ ለሞት፤
አንዲት ጭራ ብቻ ናት ልጄ የጎደለችበት፦
«ፓስ» ይሉና ለሟች «አወይ» ይሉበታል።
አወይ!
እኛስ ቤት ሰው ሲያልፍ ሌላ ምን ይባላል?

በማግስቱ ለኡልሪካ ነገርኳት፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ።
አረንጓዴ ብዕሯን ከጸጉሯ መዝዛ አወጣች፤
መልሳ ሰካችው።
ዐሥራ አራቱን ቃል ሦስት ጊዜ አነበበች።
«ነጥቡን ግን…» አለች።
አውቃለሁ አልኳት።
ኤፍ ኤፍ ሆኖ ቀረ።

ሰኔ። የጭነት መኪናው በበርች ቅጠል ተጋርዶ፣
የነጭ ቆቦች ሆታ ከሐይቁ ዳር ነጉዶ፣
ልጆቹ ተደግፈው የሚጨፍሩበት ብረት
ቅዳሜ የሱ እጅ ነው አጥብቆ የበየደበት፤
ስፌቱ አይታይም።
ቪሌ የተባለው ጓደኛው ከላይ አንድ ቅርንጫፍ ወረወረለት።
ቀለበው።
መኪናው አለፈ።

ነሐሴ ላይ ድጋሚ ይፈተናል።
ትምህርት ተዘግቶም ሐሙስ መጣ፤ ቦይለሩ ጠፍቷል፣ ክፍሉ ጸጥ ብሏል።
«ያቺ ቃል» አለኝ፣
«በነሱ ፊደል እንዴት ነው የምትጻፈው?»
በአራት ፊደል ናት አልኩት፤
በኛ ሦስት ትበቃለች።