ግዴታ አይደለም

ቅጹ ላይ ተጽፏል፣ በለስላሳ ቃል፦
«ውጤት ብትልኪ ደስታችን ነው፤ ብትተይውም ይቻላል።»
«ይቻላል» የሚል ቃል እንዲህ መክበዱን
መች አውቄው ኖሯል፤
የነጂብን ላፕቶፕ ጭኔ ላይ አቅፌ
እንቅልፌ ተሰውሯል።

ቱሉ ዲምቱ ነን፤ ብሎክ መቶ አርባ፣ አራተኛ ፎቅ፤
ውኃው በሳምንት አንዴ፣ በሌሊት የሚፈልቅ፣
መብራቱ ሲያሰኘው ብልጭ፣ ሲያሰኘው ድብቅ።
በመስኮቴ በኩል የክፍያው መንገድ ቁልቁል ይታያል፤
ኬላው ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሠርግ ድንኳን ይበራል።

አባቴ ደምሰው
አሮጌ አይሱዙ ነው የሚነዳው፣ የሞጆ አሸዋ የሚያመላልሰው።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በኬላው ጥግ አልፎ
አንድም ቀን አልገባም፣ ከፍሎ ተሰልፎ።
«በዱከም በኩል የጥንቱ መንገድ አለ፤
ያዘግማል እንጂ መች አላደርስ አለ!»

እናቴ ግን ሌላ ናት።
ቅጹን በአማርኛ መልሼ ሳነብላት
የምታጥፈውን ልብስ ትታ ሳቀች፦
«ትንቢቴ፣ ሞኝት!
አራስ ልንጠይቅ ስንነሳ
‘ምንም እንዳትይዙ’ ይሉን የለም በስልክ?
ታዲያ ባዶ እጅ ይገባል? በየትኛው ፊት፣ በየትኛው መልክ?
‘አታምጡ’ ያለ ሰው
በሩ ላይ ቆሞ ነው፣ ፌስታል የሚያየው።»

ቲቸር ሽብሩ ደግሞ በተቃራኒው፦
«ካልተጠየቅሽ አትመልሺ» ነው መመሪያው።
ክፍያው በዶላር ነው። ነጂብ አጎት አለው፣ ካርድ ያለው፣ ዱባይ፤
«ይክፈልልሽ፣ ቀስ ብለሽ ትመልሻለሽ» አለኝ፣ ሌላ ሰው ሳያይ።
ብሩን ስንመነዝረው፣ የሁለት ወር የቤት ኪራይ።

ማታ ማታ በጸሎት «ወደ ፈተና አታግባን» እያልኩ
ቀን ቀን የመግቢያውን ዋጋ ጠየቅኩ።
አምና ለአሥራ ሁለተኛ፣ በአውቶቡስ ጭነው ሲወስዱን፣
ፍራሻችንን ተሸክመን፣
«ትፈልጊያለሽ?» ያለኝ አልነበረም።
እምቢ ማለት ያልለመደ አፍ እሺ ማለትም ይከብደዋል፤
በር ሲዘጋ እናውቅበታለን፤ ገርበብ ሲል ግን ማን ያውቃል?

ሐሙስ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ፣ አባቴ ቀሰቀሰኝ፤
«ረዳቴ ታሟል፣ አብረን እንውረድ» ብሎ ጃኬቱን አለበሰኝ።
አደባባዩ ጋ ስንደርስ መሪውን አዞረ፣ ወደ ግራ፤
አይሱዙው ራሱ የደነገጠ መሰለኝ፣ ኬላው ሥር ሲያጓራ።
«አባዬ፣ ይሄ የክፍያው ነው!»
«አውቃለሁ። ዛሬ ልየው።»
ካርዱን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ እንደ ዲፕሎማ፤
እሱም ዝም፣ እኔም ዝም፤ የጎማው ድምፅ ብቻ ሲሰማ።

ዱከም የለ፤ ጎሚስታው ፈይሳ የለ፣ እጁን የሚያነሳለት፤
አጥሩ ብቻ፣ ነጭ መስመር ብቻ፣ ጨለማው ላይ ሲሮጥለት።
«ልስላሴውስ» አለ አባቴ፣ «ልጅ ያስተኛል፤ ሰው ግን የለበት።»

ሞጆ ስንደርስ አልነጋም። የአሸዋው ግቢ ተቆልፏል፤
ዘበኛው በብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ ተኝቷል።
አርባ ደቂቃ አትርፈናል።
አርባውንም ደጅ ላይ፣ ቆሎ እየቆረጠምን ጨርሰናል።
በድሮው የመጡት ደረሱ። ያኔ ነው በሩ የተከፈተው።
አባቴ ምንም አላለም፤ ትከሻውን ግን ሳቅ ናጠው።

ይሄ መልስ አይደለም፤ አውቃለሁ።
ሌላ ቀን በሩ ቀድሞ ይከፈት ይሆናል፤
ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይጭን ይሆናል።

ቀኑ ዛሬ ሌሊት ያልቃል። ላፕቶፑን ለነጂብ መለስኩ፤
«እግዜር ይስጥልኝ፤ ይቅር» አልኩ።
ለእናቴ ገና አልነገርኳትም፤ ባዶ እጄን መሆኔን ደበቅኩ።

የኬላው ደረሰኝ ግን አለ፣ ከአባቴ ኪስ የሰረቅኩት፣
በሒሳብ መጽሐፌ ገጾች መሃል ለምልክት ያኖርኩት።
መብራት ሲጠፋ በስልኬ ብርሃን
እሞክራለሁ፣ ያችን እምቢ ያለችኝን ጥያቄ አርባ ሁለትን።
ሰዓት የሚይዝብኝ የለም፤ የሚያርመኝም የለም፤
መልሱ አራት ይሆናል፣ ሰባት ይሆናል፣ እንደገና አራት፤
አልተኛም።