የፍየሏ ድርሻ

በገንደ ቆሬ ጫፍ፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
ከንፋሱም በፊት፣ ከአዛኑም በፊት፣
እሳት አነድዳለሁ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንዴ አቡክቻለሁ፤
ዱቄቱ ቆዳዬን አልፎ ሳንባዬን ያውቀዋል፣
ግማሽ ሰፈር ቁርሱን ከኔ እጅ ይበላል።
ልጄ ግን አይበላም።
ሙኒር ዘጠኝ ዓመቱ፣ ስንዴ አይስማማውም።
ሐኪሙ ሲነግረኝ በወረቀት ጽፎ፣
"ዳቦ፣ ፓስታ፣ ብስኩት…" ዝርዝሩ ተርፎ
ወደ ጀርባው ዞረ።
እኔ የማየው ግን መዳፌን ነበረ፦
በዚሁ እጄ ነው ጉንጩን የዳበስኩት፣
ሳላውቅ ያቆሰልኩት።

ሩዝ ፈጨሁለት።
የሩዝ ሊጥ፣ ሊጥ አይባልም፤ ገንፎ ነው፣
የስንዴ ጅማት፣ የስንዴ መሳሳብ የለው።
ጋገርኩት፤ ከላይ ነጭ፣ ከውስጥ ድርቅ ያለ፣
የደቻቱ አሸዋ በቀትር የዋለ፤
ሙኒር በማንኪያ በላው፤ "ጥሩ ነው አባ" አለ።
ልጅ አባቱን ሲያጽናና መስማት እንዴት ይከብዳል፤
ዳቦ ጋጋሪ አባት በማንኪያ ዳቦ ያበላል?

ጎረቤቴ ሆዳን የፍየል ወተት ትሸጣለች፤
ወንድሟ ከጎዴ በአይሱዙ የሚያመጣውን
የሩዝ ፍሩሽካ ለፍየሏ ትሰፍራለች።
አንድ ማለዳ ውሃ ፈሶበት አየሁት ከገንዳው፦
ጠጥቶ፣ አብጦ፣ እርስ በርሱ ተያይዞ፣
ብጨብጠው የማይበተን።
ቆምኩ፣
የጠፋ ቁልፉን እንዳገኘ ሰው።
"ሆዳን፣ ሁለት ኪሎ ስጪኝ።"
ሣቀች፤ "አቦ፣ በፍየሌ ቀንተህ ነው እንዴ?
ወይስ ያ ዳቦ ቤት አለቀበት ስንዴ?"

ለቀምኩት፣ ነፋሁት። ዘይት አለው፤ በድሬ ሙቀት
ሦስት ቀን ካደረ ይከረፋል፤
አመስኩት፤ ሽታው የሰሊጥ ዘመድ ይመስላል።
በዓይኔ ብቻ ስለካ የኖርኩ ሰውዬ ደብተር ገዛሁና ጻፍኩ፣
ለመቶ ግራም ሩዝ፣ ፍሩሽካ አሥር ብዬ ጀመርኩ።
ጡብ ሆነ። ሆዳን ለፍየሏ ወሰደችው፤
ፍየሏም አሸተተች፣ ተወችው።
ስምንት፦ መረረ።
ሰባት፦ አበጠና መሀሉ ተሰበረ።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ሌሊት፣ ስድስት አድርጌ፣
ሊጡን ተውኩት። ይጠጣ አልኩ፤ ዳር ይዤ፣ አድብቼ፣
ግማሽ ሰዓት ሙሉ ውሃውን እየዋጠ
ረጋ፣ እንደ ሽማግሌ ተደላድሎ ተቀመጠ።
ያኔ ገባኝ፤
ደቻቱ ከላይ ደረቅ ነው፤ እናቴ ግን በበጋ
በእጇ ትቆፍር ነበር ከአሸዋው ሥር ውሃ ፍለጋ፤
ክንድ ሳይሞላ ይመጣል፤ አሸዋው ይዞት ነበረ።
ይኸም የፍየል ቀለብ፣
እሳቱ መሀል እንኳ ትንሽ ደብቆ አሳደረ።

ጠዋት ቆረስኩለት። ቅርፊቱ ዳማ፣
ልቡ እርጥብ፣ ሲጫኑት የሚመለስ።
ሙኒር ማር ቀባና ለሁለት አጠፈው፤
አልተሰበረም።
ደግሞ አጠፈው፣ ለአራት። ትንፋሼን ያዝኩ።
አልተሰበረም።
"አባ፣ ትምህርት ቤት ይዤው ብሄድስ፣ እንደነ ኻሊድ?"
"ሂድ" አልኩት፤ ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣ አለኝ፣ "ሂድ።"
አኘከ። አሰበ። ፊቱን ቋጠር አድርጎ፣
"ግን ትንሽ… ፍየል ፍየል ይላል።"

ከግድግዳው ማዶ ፍየሏ ጮኸች፣
ድርሻዋን እንደተቀማ ሰው።
ደብተሬን ገለጥኩ፤
ነገ፦ አምስት።