የጋለ ድንጋይ

ልጄ በሞባይሉ ሁለት ሌሊት ከፍሎ፣
ላከኝ ከጋራው ላይ «ጀርባህ ይረፍ» ብሎ።
«አዲስ ነዎት?» አለኝ እንግዳ ተቀባዩ፤
ዝም አልኩት፣ ዓይኖቼ ግድግዳውን እያዩ።
ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከበሩ በስተቀኝ፣
ጠማማው ድንጋዬ ሳላየው አወቀኝ።

በመስኮቱ ጎንደር ከነግንቦቿ፣
ፒያሳ ከነጣልያን ቢጫ ፎቆቿ።

ምድር ቤቱ ዛሬ ስሙ «ስፓ» ሆኗል፤
ያኔ ስናቦካ ኖራው እጄን በልቷል።
እንጉዳይ ነው ስሟ፣ የአዘዞ ልጅ ናት፤
«አባ፣ በሆድዎ» አለች፤ እሺ ብዬ ተኛሁላት።
ከፈላ ውሃ ውስጥ ጥቁር ድንጋይ አውጥታ፣
ከማጅራቴ ጀምራ ደረደረች በእርጋታ።

«ከበደዎት?» ስትለኝ
ሳቅ አፈነኝ።

በዚሁ ጋራ ላይ፣ በዚሁ ጀርባዬ፣
ድንጋይ ሳመላልስ አለቀ ዕድሜዬ፤
ያኔ በቀን ሦስት ብር እየተከፈለኝ፣
ዛሬ ልጄ ከፍሎ ያው ድንጋይ ተጫነልኝ።

ልዩነቱ፣
ያኔ የሚያወርድልኝ አልነበረም።
እንጉዳይ አንድ በአንድ አነሳችው፣
ዘይቱን በፎጣ ጠረገች፣
ከትከሻዬ ሥር ግን ጣቷ ቆመ።
«አባ፣ ይህችኛዋ አልነሳ አለችኝ።»

«ተያት» አልኳት።
«እሷ ከተነሳች ግድግዳው ይናዳል።»