ቆሎ መጠቅለያ

ጉም በኛ ከተማ በር አያንኳኳም፤
ከጣርማ በር ወርዶ ዘው ይላል ጓዳም።
መጋቢት ነው። የደሴው አውቶቡስ ቆሟል፤
መብራቱ በጭጋግ እንደ ሰው ዓይን ታሟል።
«ቆሎ!» ይሉኛል አንገት በመስኮት አውጥተው፣
ክርስትና ስሜን የጠሩ መስሏቸው።
አንዲት ተማሪ ግን ዝርዝር አጣችና
መጽሐፍ ሰጠችኝ፣ «ያስፈራል» አለችና።
ሽፋኑ ጥቁር ነው፤ መኻሉ ላይ አንድ በር፣
ከበሩ ስር ብቻ ቀጭን የብርሃን ክር።

ማታ መብራት ሄደ።
የእጅ ባትሪ ይዤ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባሁ።

ፀሐይ የማታውቅ አንዲት ከተማ አለች፣
ከሦስት ተራራ ስር በጥላ የታሰረች።
ንጉሧ ፊት የለው፣ ድምፅ ነው ሁለመናው፤
ሲያስል እንኳ ይጠፋል የሰው ሁሉ ፋናው።
ዐሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ
ስሙን እንዲያስረክብ ያዛል በቃሉ።
ጸሐፊው ይከትባል በጥቁር ብራና፣
ልጅ ቤቱ ይገባል ባዶ ቅል ሆነና፤
ከዚያ ወዲያ እናቱ «አንተ» ነው የምትለው፣
ውሻው ያሸተዋል፣ ውሻውም አያውቀው።

ማርዳ ግን እምቢ አለች።
ስሟን ከምላሷ ስር ሸሸገች እንደ ጨው፤
ሲሟሟም አልዋጠችው፣ ሲመርም አልተፋችው።

ገጽ ዘጠናን ሳልፍ ቆርቆሮው ጮኸብኝ፤
ድመት ነው፣ አውቃለሁ። ጉልበቴ ግን ከዳኝ።
ገጽ መቶ አርባ ላይ ጉሙ ከደጃፍ ስር
እንደ ጸሐፊው ጣት ገባ ሲዳስስ፣ ሲቆጥር።
ደጅ ወጥቼ መሽናት ፈርቼ እስኪነጋ
«አንድ ገጽ፣ አንድ ገጽ» ስል ነጋ ካልጋ።
(ፍርሃት እንዲህ እንደሚጥም ማን ነግሮኝ ያውቃል?)

በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ስመለስ
አክስቴ አስካለ፣ እጇ ሲቀነጥስ፣
ከኋላ ጀምራ፣ ቀዳ ጠቅልላ
መጨረሻውን ሸጣለች ገብስ ሞልታ፣ ባቄላ።
«ምን አለበት?» አለች፣ «ፊቱን ትቼልሻል፤
የቆሎ ተማሪ በተረፈው ያድራል።»

የተረፈው ይሄ ነው፦
«ማርዳ በሩን ገፋች። ከውስጥ አንድ ሰው
በገዛ ድምፅዋ ጠራት፣ ጠርቶም»

ከዚህ ወዲያ የለም።
ጠርቶም ምን? ሸዋሮቢት ላይ ይሆን የወደቀው?
ኮምቦልቻ አንድ ወታደር ይሆን እጁን የጠረገበት?
ስንት ሌሊት ራሴ ጨረስኩት፦
አንዴ ገደልኳት። አንዴ አነገሥኳት።
አንዴ በሩን ስትከፍት እኔን አገኘችኝ፣
ደንግጣ ዘጋችው።

ሳምንት ቆይቶ ረዳቱ ደረሰ
አንድ ገጽ አመጣ፣ ዘይት የለበሰ፤
«ከወንበር ስር ነው» አለኝ። እጄ እየራደ
ፈታሁት፤ ጨው ረገፈ፣ ፍርፋሪ ወረደ።
ላዩ ላይ ሁለት ቃል፦ «ክፍል አንድ፣»
ከታቹ፦ «ተፈጸመ።»
ረዳቱ ይስቃል። እኔም ሳቅኩ መሰለኝ።

ዛሬም ጉም ወርዷል። ጥሩምባ ይጮኻል።
«ቆሎ! አንቺ ቆሎ!» መስኮቱ ይጣራል።
አንድ ሽማግሌ ብሩን እየቆጠረ
«ስምሽ ማነው?» አለኝ። ፊቱ በጉም ነበረ፤
ድምፁን ብቻ ሰማሁ።
ዐሥራ ስድስት ሊሞላኝ ሁለት ወር ቀርቶታል።
ቆሎውን ሰጠሁት።
ከምላሴ ስር የሆነ ነገር
ጨው ጨው ይላል።