ይለፍ

የክላይፔዳ ወደብ፣ የጎታች ጀልባ ቢሮ፤
አሥራ አንድ ሠራተኛ፣ የተጋፋ ኑሮ።
የይለፍ ቃላችን ላሥራ አንዳችን አንድ ናት፤
«ባልቲካ» ተብላ፣ በቢጫ ቁራጭ ወረቀት
ተለጥፋ የኖረች በስክሪኑ ጫፍ ሥር፤
ለፖስተኛው እንኳን ያልሆነች ምስጢር።

በጥቅምት አንድ ሌሊት፣ ማን እንደሁ አናውቅም፣
በዚያች ቃል ገባ፣ ወጣ፤ በር እንኳ አልሰበረም።
ሦስት የነዳጅ ደረሰኝ ቁጥር ለወጠና
ገንዘባችን ነጎደ ባላየነው ጎዳና።

ዳንጉዎሌ፣ አለቃችን፣ ጠራችኝ በማግስቱ፦
«ወጣት ነህ፤ ምረጥልን፤ በእጅህ ነው መድኃኒቱ።»
ወጣትነቴ እንኳ አርባ አንድ ዓመት ሆኖታል፤
እዚህ ቤት ግን አታሚ ያስነሳ ሁሉ ሊቅ ይባላል።

አራት ሳምንት ሙሉ ሻጭ ሳዳምጥ ከረምኩ።
የፊተኛው ሲስቅ አብሬው እየሳቅኩ፣
«ግድግዳችንን» አለ «መድፍ አይበሳውም»፤
ዋጋውን ስጠይቅ ግን ቁርጡን አልነገረኝም።
ሁለተኛው ርካሽ፣ ኧረ ነጻ ለዓመት፤
«ለምን ነጻ ሆነ?» ብለው፣ ሳል ያዘውና አየ ወደ ሰዓት።
ሦስተኛው ደረቅ ነው፤ ሥዕል የለው፣ ዜማ፤
ሰባ ገጽ መመሪያ፣ እንደ ጠጠር ሻካራማ።
ግን ገጽ አርባ ሁለት ላይ አንዲት ነገር አለች፣
እኔን ከወንበሬ ብድግ ያደረገች፦
«የመጨረሻው ቁልፍ፣ ሁሉን የሚከፍተው፣
በአንድ ሰው እጅ አይደር፤ ለሁለት ክፈለው።
ግማሹ ከአንዱ ዘንድ፣ ግማሹ ከሌላ፤
ሁለቱ ካልመጡ አይከፈትም ኋላ።»

ገዛነው።
ማን የቱን በር ያንኳኳል፣ ማን በየቱ አያልፍም
ብዬ ስደለድል ቀን ከሌት አልበቃኝም።
አብሳዩ ገበያውን እንጂ ደመወዝ አያይም፤
ካፒቴን ሰሌዳውን እንጂ የባንክ ደጅ አይረግጥም።
«ሌባ አደረግኸኝ!» አለ፣ ካፒቴን ሪማንታስ፤
አንገቱ እስኪቀላ፣ ኮፍያው እስኪወድቅ ድረስ።
«ያልገባህበት ቤት ቢዘረፍ» አልኩት «ሌሊት፣
ማን አንተን ይጠራል ለጥያቄ ጠዋት?»
አሰበ። ዋጥ አደረጋት። ሄደ ወደ ጀልባው፤
እስከ ዛሬ ድረስ ግን ሰላምታው ለብ ያለ ነው።

የቁልፉ ግማሾች ቀሩ። ለማን ይሰጡ?
ሁለት ነባሮች አሉ፣ በሐቅ የሸመገሉ፦
ዮሊታ ሒሳብ ያዥ፣ መካኒኩ አልጊስ።
ስድስት ዓመት ሆኗቸው አንድ ቃል ሳይመላለስ።
ምክንያቱ ጥቅል ገመድ፤ ዝምታው ሲሰፋ
ገመዱስ ተገኘ፤ የኩርፊያው ጫፍ ጠፋ።
ሌላ ሰው አልነበረም። ሰጠኋቸው፤
ለየብቻ ጠርቼ፣ ለየብቻ አስፈርሜያቸው።

በጥር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ማሽኑ ሞቶ አደረ፤
ስንዴ የጫነ መርከብ በወደቡ አፍ ቆሞ ቀረ።
ነፋሱ መስኮቱን በጥፊ ሲማታው
ስክሪኑን ለመንኩት፤ ሌላ መልስ የለው፦
«ሁለቱን አምጣቸው።»

መጣች፤ በሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ፤
እሱም ጢሙ በረዶ ሆኖ ከኋላዋ ገባ።
ግማሿን ጻፈች። የእሱ ተራ ደረሰ።
ወረቀቱን አየው፣ አራቀው፣ መለሰ፤
መነጽሩን ረስቷል። ላንብብልህ ስለው እጄን ከለከለ፤
«ለሌላ ዓይን አይታይ፣ ትእዛዙ ነው» አለ።
እውነቱን ነው። እኔው ነኝ ትእዛዙን የጻፍኩት።
መርከቡ ከሩቅ ጮኸ፣ እንደ ታመመ ከብት።

ዮሊታ ያኔ፣ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ፣
የራሷን መነጽር አወለቀች፣ ሳታወራ፣
በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገችው።
ቀይ ፍሬም፣ የሴት ሰንሰለት፤ ሳይስቅ አጠለቀው።
አሥራ ሁለት ቃል ጻፈ፣ በሁለት ጣት፣ በቀስታ፤
ስክሪኑ በራ፤ ጀልባዋ ወጣች ለመርከቡ እርዳታ።

መነጽሩን ሲመልስ «ያ የገመዱ ነገር…» ብሎ ጀመረና
ጉሮሮው ተያዘ። እሷ መስተዋቱን በእጅጌዋ ጠረገችና
«ይለፍ» አለች።

እኔ መዝገቡ ላይ «ችግሩ ተፈታ» አልኩ፣ ሰዓቱን አስገባሁ፤
«በምን ምክንያት» የሚለውን ሣጥን ባዶውን ተውሁ።