ቅጽ ሰባት

ካሳ ገማች ነበርኩ፤
ከመርሳ በላይ፣ ወረ ሲሞ በሚሏት መንደር፣
በብብቴ ቅጽ ሸጉጬ፣ በኪሴ እስክሪብቶና ሜትር፣
ስቆጥር ከረምኩ፣ ግንድ በግንድ፣ ድንበር በድንበር።

የሙሄ አበጋዝ ማንጎ፣ ዐሥራ አራት፤ ሁለቱ ገና ያላፈሩ፤
የዘሀራ ይማም ሎሚ፣ ሦስት እግር፤ ከነእሾህ አጥሩ፤
ለማገዶ የሚሆነው፣ ለምሰሶ የሚሆነው፣
ሁሉም ዋጋ ዋጋ ነበረው።
ለሙታን እንኳ ቅጽ ነበራቸው፤ ቅጽ ዘጠኝ፤
አጥንት በነፍስ ወከፍ የሚል፤ እሱ እኔን አይመለከተኝ።

ማምሻውን ዘሀራ መጣች፣ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ይዛ፤
«አይነጥፌንስ ጻፍካት ወይ?» አለችኝ፣ ቁም ነገሩን አስመስላ ዋዛ፤
«የሰባ ሰባቱ ድርቅ እንኳ ዞሮ ያለፋትን፣
አፋሩ ግመሉን፣ እኛ ከብቱን፣ አብረን ያጠጣንባትን?»

ቅጹን ገለባበጥኩ፤ ዛፍ፣ ሰብል፣ ቤት፣ አጥር።
ለምንጭ ረድፍ የለውም። «ሌላ» የሚል አንድ መስመር ነበር፣
እሱም ላይ የሙሄ የንብ ቀፎ ሰፍሮበታል።
«እታለም፣ ሥራው በተራራው ሆድ ነው፤ ምንጩ ባለበት ይቀራል»
አልኳት። አለቃዬ ያለኝን ነው ያልኩት።
ከልቤ ነበር? እንጃ። ብቻ ዓይኗን እያየሁ አልነበረም የተናገርኩት።

ሰባት ወር ሙሉ ተራራው በድማሚት አስነጠሰ፤
የመስጂዱ ግድግዳ ተተረተረ፣ የጊዮርጊስ ደወል ካለ ደዋይ አለቀሰ።
ከወዲያና ከወዲህ የቆፈሩት መሐል ላይ ሲጨባበጡ፣
ሁለት ሰንጋ፣ አንዱን በእስላም አንዱን በክርስቲያን ቢላ፣
አርደው አበሉን፤ አለቆቹ ሪባን ቆረጡ።
እኔም በላሁ።
በሦስተኛው ቀን አይነጥፌ ነጠፈች።
ሰው እንኳ ሲሞት ያቃስታል፤ እሷ ሳትታመም አለፈች።

ገንዘቡ ከባሕር ማዶ ነው፤ በሕዝብ ስም፣ በሕዝብ ዋስ፤
የእፎይታ ጊዜ አለው ይላል ውሉ፣ ስምንት ዓመት፣ ወለዱ እስኪደርስ።
ማንጎ እፎይታ አያውቅም።
ከአናቱ ይጀምራል፤ ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ፍሬው ሳይበስል ይረግፋል።
የደረቁት ደግሞ እኔ ያልቆጠርኳቸው ናቸው፤
«ከመስመሩ ውጭ ናችሁ፣ እድለኞች!» ብዬ ባለቤቶቻቸውን ያስደሰትኳቸው።

ባቡሩ አልመጣም።
ሐዲዱ ላይ በርበሬ ያሰጡበታል፤ በትኬቱ መስኮት ርግብ ጎጆ ሠርታለች፤
ባቡር ሊወስዳት የነበረውን መንገድ
የሙሄ ልጅ በእግሯ፣ ወደ ኦቦክ፣ ሄዳለች።

ባለፈው ጥቅምት ተመለስኩ፤ ሥራም ባጅም ሳይኖረኝ።
ሴቶች ጀሪካን አዝለው፣ የስልክ መብራት ይዘው፣
ወደ ዋሻው ሲገቡ አየሁ። ተከተልኩ፤ ማንም አልጠየቀኝ።
ሦስት መቶ እርምጃ። ከኮንክሪቱ ስንጥቅ
ጠብ። ጠብ። ሃያ ሊትር ለመሙላት የአርባ ደቂቃ ጭንቅ።
ጥበቃው እንድሪስ «የመንግሥት ንብረት ነው!» እያለ ፊሽካ ይነፋል፤
ከዐሥር ሶላት እስከ መግሪብ ግን ዓይኑ ይደክማል፣ ፊሽካውም ይጠፋል።

«አልሞተችም» አለች ዘሀራ፤ «ታስራ ነው።
እየመጣን እንጠይቃታለን።
እስረኛ ስንቅ ሲቀበል ነው የምናውቀው፤
የእኛዋ ስንቅ ታቀብላለች።»

ጀሪካኗን ሳዘነብልላት፣ «ያ ወረቀት አለ?» አለች።
«ግልባጩ አለ።»
«ቀፎውን ሰርዘው። ንቡ አበባ ቢያጣ ጊዜ ሄዷል፤
መስመሩ ክፍት ነው። ጻፍ።»

እስክሪብቶውን አወጣሁ።
ስልኳን ወደ ወረቀቱ አበራችልኝ።
ጠብ።
ጠብ።