አርባ አራተኛው ቤት

ማክሰኞ፣ በጭጋግ፣ የፖስታዋ ጀልባ
ጉሮሮዋን ጠርጋ ወደቡ ስትገባ፣
አንድ ካርቶን ሰጡኝ፤ ፈረምኩ፤ ከፈትኩት፤
በአንድ እጄ አነሳሁት።
ጎኑ አንዲት ስንዝር፣ ውፍረቱ ሦስት ጣት።
"ቀሪውስ መቼ ነው?" ብዬ ብጠይቀው
ካፒቴኑ ሳቀ፤ "ቶርቢዮርግ፣ በቃ፣ ይኸው ነው!"
ገመዱን ፈታና በነጭ አረፋ ላይ መንገዱን ቀጠለው።

የልጄ ልጅ ሲንድሬ ከከተማ ደውሎ፣
"አያቴ፣ ምን በወጣሽ!" አለኝ ተቻኩሎ፣
"መዝገብሽን በሙሉ ደመና ላይ ልስቀለው፤
ዘንድሮ ሰው ሁሉ የሚያኖር እዚያ ነው።"
ደመና!
ሰባ ዓመት በደጄ ሲያልፍ አይቼው የለም ወይ?
የራሱን ውሃ እንኳ ይዞ የማያድር
የኔን አደራ ሊያቆይ?
ቤቴ ይሁን አልኩት። ከእጄ የማይርቅ፣
ቢታመም የማክመው፣ ቢሞትም የማውቅ።

አሮጌው ቴሌቪዥን ፊት ሆኖ ቆመለት፤
ገመዱ ጥቂት ነው፤ ለመብራት፣ ለምስል፣ ለመረብ መግቢያ በት።
መነጽሬን አድርጌ ቁልፉን ስጫነው
እንደ ጎረቤት ልጅ ጥያቄው ብዙ ነው፦
ቋንቋሽ? አገርሽ? ሰዓትሽስ ስንት ነው?
የይለፍ ቃል ስጪኝ። አጭር ነው። ድገሚው።
ለሰሜን ነፋስ የማወርደውን ስድብ
ሙሉውን ጻፍኩለት። ተቀበለው።
በመጨረሻ ላይ፣ "ስም አውጪልኝ" አለ፤
እጄ ከፊደሉ ላይ እንደተንጠለጠለ
ቆየሁ።

ከጎተራው ሥር፣ በድንጋዩ ግድግዳ፣
አርባ ሦስት ቤት አለኝ፣ ሁሉም ለእንግዳ።
ማዕበል የተፋው ሳንቃ፣ የተሰበረ ጀልባ ጎን፣
ወለሉ የደረቀ የባሕር አረም፣
በሩ ለሰሜን ጀርባውን የሰጠ።
ሚያዝያ ሲገባ የባሕር ዳክዬዎቹ
ከማዕበል ወጥተው፣ እየተወዛወዙ፣
ያምናውን ቁጥር ሳይስቱ ይገባሉ።
ያኔ ውሻ ይታሰራል፣ መዶሻ ያርፋል፣
ልጅ እንኳ ቢያለቅስ በሹክሹክታ ያለቅሳል።
ፈልፍለው ሲሄዱ ኪራይ ይተዋሉ፤
ከደረታቸው ነጭተው ያነጠፉትን
ግራጫ ልም ላባ።
እኔም እጽፋለሁ፦ የትኛው ቤት፣ ስንት እንቁላል፣
በየትኛው ቀን ውሃው ወሰዳቸው።
የሃምሳ ዓመት ደብተር፤ ግማሹን ጨው አደበዘዘው፣
ግማሹን አይጥ አነበበው።

"አርባ አራት" ብዬ ጻፍኩ።
ስሙን ወደደው መሰለኝ፤ ሰማያዊ መብራቱ በራ።

ክረምቱን፣ ፀሐይ ብቅ ብላ በምትሰወርበት ወር፣
ደብተሬን ገለበጥኩ፣ በሁለት ጣት፣ ከመስመር መስመር።
ማታ ማታ ቅጂው ለብቻው ይጻፋል፤
ሦስተኛው ዲስክ ግን ባሕሩን ያቋርጣል፤
በትምባሆ ቆርቆሮ፣ ከኦድቫር ዘንድ ያድራል፣ ያኛው ደሴት ላይ፤
ሁለት ቤት ባንድ ሌሊት ይቃጠላል ወይ?
እራት ላይ ስቀመጥ "ልታደስ፣ ልነሣ" ይላል፤
"ዓሣው ይቀዘቅዛል፤ ቆይ" እለዋለሁ።
ይቆያል።

ሰኔ መግቢያ ላይ ግን ማቃሰት ጀመረ፤
ጀርባው እንደ ትኩሳታም ጋለ፤
ፊደሉ ከጣቴ ኋላ ቀረ፤
አንድ ቀን ዝም አለ። ጠቆረ።
ሲንድሬን አልጠራሁም። ከመብራቱ ነቀልኩት፤
አራቱን ብሎን በትንሿ ካቻቢቴ ፈታሁት።
ክዳኑ ሲነሣ፣
ከማራገቢያው ክንፍ ዙሪያውን ተጠምጥሞ
ግራጫ ልም ላባ፣ እንደ ጎጆ ተከምሞ።

ከእጅጌዬ ነው የገባው፣ ከየት ይመጣል ሌላ።
አውቃለሁ።
እጄ ግን ከልማዱ ፀጥ አለ፤
ትንፋሼን ያዝኩ፤
እንቁላል ይኖር እንደሆን ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ከዚያ በቀስታ፣ በቆንጥጤ፣ አወጣሁት፤
ክንፉን በለስላሳ ብሩሽ ጠረግሁት፤
ከግድግዳው አራቅሁት፣ እንዲተነፍስ።
ቁልፉን ስጫነው ያለ ድምፅ ተነሣ።

መዝገቡን ከፈትኩ፤ በሁለት ጣት፣ እንዲህ ጻፍኩ፦
ቤት ቁጥር አርባ አራት። ሰኔ ሦስት። ነፋስ ከምዕራብ።
እንቁላል የለም።
ላባ፣ አንድ ቁንጥር።
ነዋሪው አልወጣም።